ዐፄ ቴዎድሮስና አረቄ

በተማሪው ዘንድ ከዐፄ ቴዎድሮስ ይበልጥ የሚወደድ ንጉሥ ያለ አይመስለንም። ሥዕላቸው በመኝታ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ክርክር በተነሣ ቁጥርም ስማቸው እንደ መጨረሻ ማስረጃ ሆኖ ይጠራል። ቅዳሜ ማታ ከሲቀላና ከሸቻ አረቄ ቤቶች ውስጥ መለኪያ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በእርሳቸው ስም ነው። ይህን ጽሑፍ እንድናሰናዳ ያነሣሣን ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። ስለ መድፋቸው፥ ስለ ሹሩባቸው፥ ስለ ሽጉጣቸው ስንናገር እንውላለን፤ ስለ አረቄያቸው ግን ስናነሣ አንሰማም። ስማቸውን ልናሳንስ አልተነሣንም። ይሁን እንጂ አንድን ታላቅ ሰው የሚወድ ሁሉ የወደቀበትንም ስፍራ ማወቅ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ሻርጌ በተባለው ስፍራ ተወለደ። (እስኪነግሥ ድረስ እንደ እኩዮቹ አንተ እያልን እንጽፋለን፤ ከነገሡ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።) አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ጎንደር ገብተው በችግር እንደ ኖሩ ይነገራል። በችግራቸውም ጊዜ ኮሶ ይሸጡ ነበር ተባለ። እውነት ይሁን የጠላት ስድብ፥ ይህ ቃል ካሣን እስከ ዕለተ ሞቱ ተከትሎታል። ኮሶ በዚያ ዘመን በየቤቱ የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የሆድ ትሉን በየሁለት ወሩ የሚያወጣው በእርሱ ነው። ሲበዛ ሰውን እንደሚጎዳ፥ አንዳንዴም እንደሚገድል ማንም ያውቅ ስለ ነበር በልክ ይሰጥ፥ በልክ ይጠጣ ነበር። መጠጥ ግን እንዲህ ያለ ልክ አልነበረውም።

ልጁ ለትምህርት የተላከው ቸንከር ወደሚገኘው የተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ገዳሙን ደጃዝማች ማሩ መትተው አብረውት ይማሩ የነበሩት ሕፃናት ሲቆረጡና ሲገደሉ ካሣ አመለጠ። የዛሬ ሐኪሞች በሕፃንነት የታየ እንዲህ ያለ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በእንቅልፍ ማጣት፥ በድንገተኛ ቁጣና በመጠጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ይላሉ። እኛ በሙት ላይ የሐኪም ወረቀት አንጽፍም፤ ነገሩን ግን አንባቢ ልብ እንዲለው እንወዳለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ቶሎ እናልፈዋለን። ካሣ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ፤ ጦር ተማረ፤ ሸፈተ። የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬ አከፋፍሎ ማረሻ ግዙበት አለ ይባላል። እቴጌ መነንና ራስ ዓሊ በኃይል ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊያስሩት አስበው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ነገሩ ግን ተገለበጠ፤ ተዋበች ከአባቷ ይልቅ ለባልዋ አደረች። ሰላሙ ፈርሶ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ሲዘምት፥ ተሸንፎ ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስበጥብጦ አጠጣው። ይህ ወሬ ሁልጊዜ ያስቀናል፤ እኛም ስንሰማው ስቀናል። ነገር ግን ለመድኃኒት የተበጠበጠው ነገር ለበቀል ሲውል ያየነው በዚህ ነው።

በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባና አይሻል ላይ፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

አሁን የምንነግረው ዘመን ለእኛ ከሁሉ የሚጣፍጠን ነው። አዲሱ ንጉሥ በመሳፍንት ግብር ቤት የለመደውን ነገር ሁሉ ተቃወሙ። ከአንዲት ሚስታቸው ጋር በቁርባን ተወስነው ኖሩ፤ መኳንንቱም ቅምጦቻቸውን ትተው በሕግ እንዲጋቡ አዘዙ። የባሪያ ንግድን ከለከሉ። ነጋዴው ወደ ንግዱ፥ ገበሬውም ወደ እርሻው እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ልብሳቸው ተራ፥ እንቅልፋቸው ጥቂት፥ ምግባቸው ልከኛ እንደ ነበር ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የታላቅነት መለኪያ በግብር ላይ የሚንቆረቆረው የጠጅ ብዛት ነበር፤ እርሳቸው ግን ሰካራም ተብለው የተጠሩበት ወሬ በነዚህ ዓመታት አይገኝም። ስለዚህ የኋላው ነገር በተፈጥሯቸው ነበረ ለማለት አይቻልም፤ መጣባቸው እንጂ።

እንዴት መጣ?

በ1850 ዓ.ም. እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ንጉሡን ሲቆጡ የሚያበርዱ፥ ሲፈርዱ የሚያስታግሱ እርሳቸው እንደ ነበሩ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክራል። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ፕላውደን በሽፍታው በጋረድ ሰዎች እጅ ወደቀ፤ በቁስሉም ሞተ። ብዙም ሳይቆይ እንደ ወንድም የሚያዩት ጆን ቤል ከዚሁ ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ላይ ተገደለ። ጋረድ የንጉሡ የራሳቸው ዘመድ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሄዱ፤ ሦስቱም ንጉሡን ይቅር ብለው ይለምኑ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያገቡአት ወይዘሮ ጥሩወርቅ የድል ነሡት የውቤ ልጅ ስለ ነበሩ የሁለቱ ልብ አልተገናኘም። ልጅ ዓለማየሁ የተወለደው ከዚህ ደስታ ከሌለው ትዳር ነው።

ጠጁና አረቄው እየበዛ ሄደ የሚባለው ከዚህ ወዲህ ነው። ለዚህ ዋናዎቹ ምስክሮች በመቅደላ ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን ናቸው፤ ከነርሱም መካከል ሄንሪ ብላንክ ሐኪም ነበር፤ ሆርሙዝድ ራሳምም የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ። የእስረኛ ብዕር መራራ እንደሚሆን እናውቃለን። አንድ ሰው እግሩን ካሰረው ንጉሥ ላይ ምን ደግ ነገር ይጽፋል የሚል ቢኖር ልክ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ንጉሡ ሳይጠጡ የዋሉ ቀን ምን ያህል ትሑት፥ ለጋስና ጨዋ እንደ ነበሩ አልደበቁም። ጠላትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላስቀሩልንም ነበር። ደግሞም የገለጹት ሁኔታ፥ ማለት ማለዳ አንድ ሰው፥ ማታ ሌላ ሰው፥ በማግሥቱም ጸጸት፥ በየሰፈራችን ከምናየው ጋር አንድ ነው።

በ1858 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የሆነውን እንደ ምሳሌ እናንሣ። ንጉሡ ቀን እስረኞቹን በቁጣ ወደ ጨለማ ቤት አስገቧቸው። ሌሊት ደግሞ መብራት አስይዘው፥ አረቄና ጠጅ አስመጥተው ራሳቸው ወደዚያ ቤት ገቡ። አብረው ጠጡ። ሰዎች አባታቸው እብድ ነበር፥ እርሳቸውም እንደዚያው ናቸው እንደሚሉ፥ ይህንንም ከቶ አምነው እንደማያውቁ፥ አሁን ግን እውነት እንደ ሆነ እንደ ተረዱ ለእስረኞቻቸው ነገሯቸው። አንድ የአገር ንጉሥ የልቡን የሚያካፍለው ሰው አጥቶ በእኩለ ሌሊት ወደ እስረኞቹ ሲሄድ ማየት ምንኛ ያሳዝናል! እዚህ ላይ አረቄው ሲወርድ የቆየው በብቸኝነት ላይ መሆኑን እናያለን።

ስለ አረቄ ጥቂት እንበል። ጠላ ሲጠነክር በመቶ ከ2 እስከ 5 የሚሆን አልኮል ይኖረዋል፤ ጠጅ ከዚያ በላይ ሆኖ 10 ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል፤ አረቄ ግን በእሳት ተንቆርቁሮ የሚወጣ ስለ ሆነ በመቶ 40 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ዋንጫ ጠላ የሚይዘውን አንዲት ትንሽ መለኪያ አረቄ ትሸከማለች ማለት ነው። ሲጠጣ በመጀመሪያ አንጎልን የሚያረጋጋውን ኃይል ያበረታል፤ ስለዚህ ሐዘንተኛው ይተነፍሳል፥ እንቅልፍ ያጣውም ያሸልባል። ግን የሌሊቱን ሁለተኛ እኩሌታ እንቅልፉን ይሰብርበታል። ሰውነት ነገሩን ሲለምድ ያው መጠን አልበቃው ይላል፤ ሲታጣም እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃል፥ ቁጣ ከከንፈር ላይ ይቀመጣል። ሕዝባችን ይህን ሁሉ ሐራራ በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎታል። ሐራራ የባሕርይ ድክመት ብቻ ሳይሆን የሰውነት ለውጥ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አላወቅንም፤ ወይም ማወቅ አልፈለግንም።

በዚያ ዘመን ሰካራምን የሚያድኑት በግዝት፥ በስእለትና በጠበል ነበር። የነፍስ አባት ይገዝታል፤ ሰውዬው ከአፌ ቢደርስ ብሎ ይምላል። እኛ ይህን የሚንቁትን አንደግፍም፤ ሰውን ከሰው ጋር የሚያስተሳስር ቃል ኃይል አለውና። ግን ግዝት የሚሠራው ገዛቹ ሲፈራ፥ ወይም ሲወደድ ነው። የንጉሡ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣልተው ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ መቅደላ ላይ አሰሯቸው፤ ጳጳሱም በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው በእስር ሞቱ። ይበቃዎታል የሚል አፍ ሁሉ ወይ ተቀብሯል፥ ወይ ታስሯል፥ ወይ ፈርቷል።

እዚህ ኩልፎ አጠገብ ተቀምጠን ስንጽፍ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ከተማችንን አልፎ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው፤ እርሱ የሚወርድበት የጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ደግሞ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ያደረጉትን አገር ሁሉ አይቷል። ተቆጥቶ ለበቀል የወጣ ወጣት ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ዱላ አልያዙም፥ ስድብም አልተናገሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በነዚያ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፊታቸው ሣር ይዞ የሚንበረከክ ሰው አላገኙም። ብናገኝላቸው ኖሮ እያልን መመኘት ከንቱ ነው፤ ግን ሳንመኝ አናልፍም።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ትንባሆን ለማጥፋት የሚያጨስን ሰው ከንፈር፥ የሚያሸትተውንም አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ምን ሆነ? ከንፈር ተቆረጠ፥ ትንባሆ ግን ቀረ። በ1930ዎቹ ዓመታት መንግሥት ራሱ የትንባሆ ሞኖፖል አቁሞ ሲሸጠው አየን። ዛሬ ወደ ዶርዜ የወጣ ሰው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋያቸውን ይዘው በሰላም ሲያጨሱ ያገኛቸዋል። ቅጣት ብቻውን ሱስን ወደ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ አያስወጣውም የሚለውን አሳብ ለመደገፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከአገራችን ታሪክ አላገኘንም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተለየ መንገድ ይዟል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትንባሆ መሸጥን፥ በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ በራዲዮንና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያ መንገርንም ይከለክላል። ክልከላው የሚያርፈው በጠጪው ከንፈር ላይ ሳይሆን በሻጩና በአስተዋዋቂው ላይ ነው። መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ይህ አዋጅ በየጓዳው የሚንቆረቆረውን አረቄ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም በዚያ አረቄ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች አሉ፤ እነርሱን ከነሌላ መተዳደሪያ አስቦ ካልሆነ በቀር መከልከል ግፍ ነው። ከመካከላችንም በእንዲህ ያለ አረቄ ገንዘብ ተምሮ እዚህ የደረሰ አይጠፋም።

ስለ ራሳችን ካነሣን ደግሞ የተማሪው ጉዳይ ከንጉሡ የተለየ መልክ አለው። የሚጀምረው በሐዘን ሳይሆን በፈተና ነው። ሌሊት ለማንበብ ጫት ይቃማል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክል ለጨብሲ አረቄ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ድካሙን ለማባረር እንደ ገና ጫት። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይዞራል። ለዚህ ችግር ሲባል የራስ ቅል ተስሎባቸው በየግድግዳው የሚለጠፉትን ወረቀቶች አይተናል። የሚያነባቸው የማይጠጣው ተማሪ ብቻ ይመስለናል። የሚጠጣው የሚፈልገው ሲነጋ የሚያናግረው ሰው፥ ሲከፋም የሚወስደው ሐኪም ነው። ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን ላቁም ቢል መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት፥ ሊሞትም ይችላል፤ ሐኪም ግን በዳያዜፓምና በቫይታሚን ቢ 1 ረድቶ በጥቂት ቀናት ያሻግረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምክር፥ ጊዜና ወዳጅ ነው። ተመልሶ ቢወድቅ ወደ መጀመሪያው መውሰድ እንጂ ከዶርም አውጥቶ መጣል ሕክምና አይደለም።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች። ይህን ሁሉ አረቄ አደረገው ማለት አላዋቂነት ነው። ባላባቱ አምፆ፥ ካህናቱ በመሬታቸው ምክንያት ተጣልተው፥ ወታደሩ እየከዳ መንግሥት ሲፈርስ ማንም ይቆጣል። እኛ የምንለው አረቄ ቁጣውን አልፈጠረውም፥ ልጓሙን ግን ፈታው ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን፥ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በስድስት ወር ያህል ገደል እየቆረጡ፥ መንገድ እየሠሩ አደረሱ። ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ ሲፈነቅሉ ያዩአቸው በትዕግሥታቸው ተደንቀዋል። ሥራ በያዙ ጊዜ ያ የድሮው ካሣ ይመለስ ነበር፤ ይህንንም ሐኪሞች ቢሰሙት የሚገርማቸው አይመስለንም።

የመጨረሻው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነበር። የናፒየር ጦር እየቀረበ ሳለ ንጉሡ በመቅደላ ያሉትን አበሻ እስረኞች ይፈቱ ጀመር። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነው። ገና ያልተፈቱት እስረኞች ውኃና እንጀራ ብለው ጮኹ። ንጉሡ ጠጥተው ነበር። ጩኸቱን ሰምተው በቁጣ ወጡና በሰይፍ መግደል ጀመሩ፤ የቀሩትም በትእዛዛቸው ወደ ገደሉ ተወረወሩ። ያለቁት ሰዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ዕለት፥ ጾሙ ገና ሳይፈታ! በዚያች ሌሊት ንጉሡ ብቻቸውን ሆነው ሲጸልዩና ያን ያደረጉት በስካር እንደ ነበር ለፈጣሪያቸው ሲናዘዙ መሰማታቸውን በዚያ የነበሩት ጽፈዋል።

በማግሥቱ ስቅለት ነበር። እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬና ወደ 700 የሚሆኑ ሰዎች አለቁ። ንጉሡ በሐዘን ራሳቸውን ሊገድሉ ሽጉጥ ቢያነሡ ባለሟሎቻቸው ያዟቸው። ለትንሣኤ በዓል ላሞችና በጎች ወደ እንግሊዞች ሰፈር ላኩ፤ ዕርቅ የመጣ መስሏቸው ነበር። አውሮፓውያኑንም ለቀቁ። አንዱም አልተነካም፤ ብዙ ጊዜ ይህ ይረሳል። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፥ የትንሣኤ ማግሥት፥ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ሞቱ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር መንገድ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ግን ጉዞውን ቀጥሎ ዙላ ላይ መርከብ ተሳፈረ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ዕድሜው 18 ነበር።